ሮለሩ በራችን ላይ ሲደርስ፦ የመሬት ንዝረትን ከምንጩ ማብረድ ይቻላል?

ደሴ ውስጥ መንገድ ሲሠራ ወይም ከጎናችን የሕንፃ መሠረት ሲቆፈር የሚነሳው ክርክር ሁሌም አንድ ዓይነት ነው። የቤቱ ባለቤት «ግድግዳዬን አሰነጠቃችሁት!» ይላል። ፎርማኑ «አብሽር አባቴ፣ ይሄ ስንጥቅ ድሮም የነበረ ነው» ይላል። ሁለቱም እጅ ላይ ቁጥር የለም። ስለዚህ ነገሩ በሽማግሌ ያልቃል፣ ካልሆነም ድምፁ ከፍ ያለው ያሸንፋል።

ቁጥሩ ግን አለ፤ ንዝረት ይለካል። ከዚያም አልፎ፣ ሥራው ሳይቆም፣ ማሽኑ እየሠራ ንዝረቱን መቀነስ ይቻላል። ዛሬ የማወራው በዋናነት ስለዚህ ነው።

መጀመሪያ መሬት ውስጥ ምን እንደሚሄድ እንይ። አፈሩን በሚጠቀጥቀው ሮለር ከበሮ ውስጥ ክብደቱ ወደ አንድ ጎን ያደላ ብረት አለ። ብረቱ ሲሽከረከር ከበሮው መሬቱን ይደበድባል፤ ብዙውን ጊዜ በሰከንድ 30 ጊዜ አካባቢ። ይህ ድግግሞሽ በሄርዝ ይጠራል፤ 30 ሄርዝ ማለት በሰከንድ 30 ምት ነው። ከምቱ የሚወጣው ጉልበት በሦስት ዓይነት ሞገድ ይበተናል። ሁለቱ ወደ ጥልቁም ወደ ጎንም ይሄዳሉ። ሦስተኛው ግን የመሬቱን ገጽ ተከትሎ ነው የሚጓዘው፤ እ.ኤ.አ. በ1885 በሒሳብ ባስረዳው እንግሊዛዊ የፊዚክስ ሊቅ ስም የሬይሌይ ሞገድ ይባላል።

ጣጣው ያለው እዚህ ላይ ነው። መሬት ላይ ሆኖ ወደ ታች ከሚመታ ነገር ከሚወጣው ጉልበት ሁለት ሦስተኛ ያህሉን የሚወስደው ይህ የገጽ ሞገድ ነው። የቤታችን መሠረትም ያለው እዚያው ገጽ አጠገብ ነው። ደግሞ ቶሎ አይደክምም። ከ5 ሜትር ወደ 20 ሜትር ብትርቁ እንኳ፣ በመሰራጨቱ ብቻ የሚቀንሰው በግማሽ ነው። ከዚያ በላይ የሚቀንሰው አፈሩ ራሱ ስለሚውጠው ነው፤ ያ ደግሞ እንደ አፈሩ ዓይነት ይለያያል።

ባለሙያዎች በአብዛኛው የሚለኩት መሬቱ ምን ያህል ርቀት ወዲህ ወዲያ እንዳለ ሳይሆን በምን ፍጥነት እንደተርገበገበ ነው፤ በሚሊሜትር በሰከንድ። ግድግዳን የሚሰነጥቀው መወጠር ከዚህ ፍጥነት ጋር አብሮ ስለሚወጣና ስለሚወርድ ነው። ቁጥሮቹን እዩልኝ። ቤቱ ውስጥ የተቀመጠ ሰው ንዝረቱ 0.3 ሲደርስ «ምንድን ነው እሱ?» ማለት ይጀምራል። 1 ሲደርስ ስሞታ ይመጣል። 10 ሲደርስ ለአፍታ ካልሆነ ማንም አይችለውም። ግድግዳው ግን ከባለቤቱ የበለጠ ቻይ ነው። ዲን 4150 የሚባለው የጀርመን መመዘኛ፣ ለአጭር ጊዜ ንዝረት፣ ለተራ መኖሪያ ቤት ከ10 ሄርዝ በታች 5 ሚሊሜትር በሰከንድ ድረስ ይፈቅዳል። ድግግሞሹ ወደ 50 ሄርዝ ሲጠጋ ገደቡ ወደ 15 ከፍ ይላል። ለቅርስና በቀላሉ ለሚጎዳ ሕንፃ መነሻው 3 ነው። ሳይቋረጥ ለሚቆይ ንዝረት ደግሞ ገደቡ ከዚህም ጠበቅ ያለ ነው።

ከዚህ ሁለት ነገር ይወጣል። አንደኛ፣ የተሰማን ሁሉ አይሰነጥቅም። ሰው መሰማት በሚጀምርበትና መመዘኛው መጨነቅ በሚጀምርበት መካከል ከ15 እጥፍ በላይ ልዩነት አለ። ስለዚህ ፎርማኑ አንዳንዴ እውነቱን ነው። ሁለተኛ፣ መመዘኛው የተጻፈው የጀርመን ቤት ታይቶ ነው። በጭቃ የተያያዘ የድንጋይ ግድግዳ፣ ወይም ላዩ ላይ የኮንክሪት ማሰሪያ የሌለው የብሎኬት ቤት እዚያ ሠንጠረዥ ውስጥ የለም። እኔን ብትጠይቁኝ፣ ሆጤ ወይም አራዳ ላይ ያለ አሮጌ ቤት መታየት ያለበት በ5 ሳይሆን ለቅርስ በተሰጠው በ3 ነው። የአይጠየፍ አዳራሽ አካባቢማ ጥያቄም የለው። የሚገርመው፣ እንጨት ተማግሮ በጭቃ የተመረገው ቤት ብዙ ጊዜ ልስኑ ቢረግፍም አጽሙ ይተጣጠፋል፤ ደረቅ ብሎኬት ግን መተጣጠፍ አያውቅም።

ድግግሞሹ ለምን ይህን ያህል ዋጋ አገኘ? እያንዳንዱ ቤት የራሱ መወዛወዣ ምት ስላለው ነው። ዝቅተኛ መኖሪያ ቤቶች ብዙውን ጊዜ ከ4 እስከ 12 ሄርዝ መካከል መወዛወዝ ይወዳሉ። ከውጭ የሚመጣው ንዝረት ከዚያ ምት ጋር ከገጠመ ቤቱ መሬቱ ከሚወዛወዘው በላይ ይወዛወዛል። ይህ ሬዞናንስ ይባላል። አፈሩም የራሱ ምት አለው። ደሴ ውስጥ ከጦሳ ተራራ እየተንከባለለና እየተንሸራተተ የወረደ አፈርና ድንጋይ ጠንካራው ባዛልት ላይ የተቆለለበት ሰፈር አለ። ሞገድ በሰከንድ 200 ሜትር የሚሄድበት 5 ሜትር ውፍረት ያለው ለስላሳ አፈር አለት ላይ ቢቀመጥ፣ የአፈሩ ምት 10 ሄርዝ ገደማ ይሆናል። የቤቱም ምት እዚያው አካባቢ ነው። አፈርና ቤት ተባበሩ ማለት ነው። የገደል አፋፍና የኮረብታ ጫፍም ንዝረቱን የማጉላት ባህርይ አላቸው፤ ለደሴ ሰው ይሄ ትንሽ ነገር አይደለም።

እንግዲህ መከላከያው። በርበሬ ስትወቅጡ ሙቀጫው ስር ጆንያ አጥፋችሁ የምታስገቡት የታችኛው ቤት ሰው እንዳይበሳጭ ነው አይደል? ይህ የተለመደው መንገድ ነው፤ በምንጩና በጎረቤቱ መካከል የሚያለዝብ ወይም የሚቆርጥ ነገር ማስገባት። በመሬት ላይ ዋናው ዘዴ ቦይ መቆፈር ነው። ሞገዱ ባዶ ቦታ ሲያገኝ ይመለሳል። ጥሩ ቦይ ንዝረቱን ወደ ሩብ ሊያወርደው ይችላል። ችግሩ ጥልቀቱ ነው። ቦዩ ቢያንስ የሞገዱን ርዝመት 60 በመቶ ያህል፣ ቦዩ ከምንጩ ሩቅ ከሆነ ደግሞ ከሙሉ ርዝመቱ በላይ መጥለቅ አለበት። 30 ሄርዝ ምት በሰከንድ 150 ሜትር በሚሄድበት አፈር ውስጥ የሞገዱ ርዝመት 5 ሜትር ነው። 10 ሄርዝ ከሆነ 15 ሜትር። አሁን ይህን ቦይ ተዳፋት ላይ፣ በክረምት፣ ከሰው ቤት በላይ ወይም በታች ቆፍሩ እስኪ! መሬት በሚንሸራተትባት ደሴ ይህ ከንዝረቱ የባሰ ጣጣ መጥራት ነው። ፈረንሳይ ውስጥ ግሬኖብል አካባቢ እ.ኤ.አ. በ2012 ከቦይ ይልቅ በረድፍ የተቆፈሩ 5 ሜትር ጥልቀት ያላቸው ጠባብ ጉድጓዶች ተሞክረው፣ 50 ሄርዝ ሞገድን መመለስ ችለዋል። ቆንጆ ሙከራ ነው። ግን 50 ሄርዝ ላይ ነው፤ ቤትን የሚያሰጋው ዝቅተኛው ምት ላይ ሲመጣ ጉድጓዶቹም ርቀታቸውም መተለቅ አለባቸው።

ስለዚህ እኔ ዓይኔን የምጥለው ምንጩ ላይ ነው። ማሽኑ እየሠራ ራሱን እንዲቆጣጠር ማድረግ።

በጣም ርካሹን ላስቀድም፤ ዋጋው ባዶ ነው። ሮለሩ በ30 ሄርዝ ሲሠራ የቤቱን ምት አልፎ ሄዷል። ንዝረቱ ሲበራ ግን ከዜሮ ተነስቶ 5፣ 10፣ 15 እያለ ነው 30 የሚደርሰው። ሲጠፋም በዚያው መንገድ ይወርዳል። ያኔ የቤቱንና የአፈሩን ምት ሁለት ጊዜ ይነካል። ሮለሩ ሊቆም ሲል ቡፌው ላይ ያለው ብርጭቆ በድንገት የሚንጫጫው ለዚህ ነው። መፍትሔው? ንዝረቱን ከቤቶቹ ራቅ ብሎ ማብራትና ማጥፋት፣ አቅጣጫ ለመቀየርም በቤቶቹ ፊት አለማቆም። ይህን ኦፕሬተሩ ካወቀ አንድ ብር አያስወጣም። ካላወቀ ግን ምንም ዘመናዊ ማሽን ቢሰጡት ያው ነው።

ይህንኑ ችግር በማሽን የፈቱትም አሉ። ብረት ፓይል (መሬት ውስጥ የሚተከል ምሰሶ) በንዝረት ወደ መሬት የሚያስገቡ ዘመናዊ መሣሪያዎች ውስጥ ያጋደሉት ብረቶች ጥንድ ጥንድ ናቸው። ሞተሩ ሲነሳ ብረቶቹ ተቃራኒ አቅጣጫ ይይዛሉ፤ የአንዱን ግፊት ሌላው ያጠፋዋል፣ ስለዚህ እየተሽከረከሩ ንዝረት የለም። ፍጥነቱ ከአደገኛው ክልል በላይ ከደረሰ በኋላ ሃይድሮሊኩ ብረቶቹን ቀስ አድርጎ ወደ አንድ ጎን ያመጣቸዋል፣ ያኔ ምቱ ይጀምራል። ሊያቆሙ ሲሉ መጀመሪያ ብረቶቹ ተመልሰው ይጠፋፋሉ፣ ከዚያ ሞተሩ ይበርዳል። አደገኛው ምት ላይ ሲያልፍ እጁን ኪሱ ከትቶ ነው የሚያልፈው። ይህ በጣም ደስ የሚለኝ ምህንድስና ነው።

የሚያዳምጡ ሮለሮችም አሉ። ከበሮው ላይ ያለ ሴንሰር መሬቱ ምን ያህል እንደጠነከረ ከምላሹ ያነባል። መሬቱ ከጠነከረ በኋላ መደብደቡን መቀጠል አፈሩን አይጨምቀውም፤ ከበሮው መዝለል ይጀምራል፣ ጉልበቱም ወደ ጎረቤት ይሄዳል። ሮለሩ ያንን ሲያይ የምቱን ስፋት በራሱ ይቀንሳል። ሌሎቹ ደግሞ ወደ ታች ከመምታት ይልቅ ከበሮውን ወዲህና ወዲያ እያጠማዘዙ መሬቱን የሚያሹ ናቸው፤ የሚልኩት ንዝረት በጣም ያነሰ ነው። ይህ ሁሉ ባይኖር እንኳ ቤቱ መሠረት ላይ አንድ መለኪያ ተክሎ ለኦፕሬተሩ ቢጫና ቀይ መብራት ማሳየት ይቻላል። ለምሳሌ 2 ሚሊሜትር በሰከንድ ላይ ቢጫ፣ 3 ላይ ቀይ። ቀይ ሲበራ ንዝረቱን አጥፍቶ በክብደቱ ብቻ ይሄዳል፣ አፈሩን በቀጭን ንብርብር አንጥፎ ብዙ ጊዜ ይመላለሳል። ቀስ ይላል፣ ይዘገያል፣ ነዳጅ ይበላል። ግን ይሠራል።

ድንጋይ ካባ ላይ ያለው ታሪክ ደግሞ ለብቻው ነው። ባዛልት በፈንጂ ሲፈነዳ ፈንጂ የተሞሉት ጉድጓዶች አብረው አይፈነዱም፤ በሺኛ ሰከንዶች ልዩነት ተራ በተራ ነው። ንዝረቱ 20 ሄርዝ ከሆነ አንዱ ዙር 50 ሺኛ ሰከንድ ይወስዳል። ሁለተኛው ጉድጓድ ከ25 ሺኛ ሰከንድ በኋላ ቢፈነዳ የእሱ ከፍታ የመጀመሪያው ዝቅታ ላይ ያርፋል፣ ሁለቱ ይጠፋፋሉ። በድሮው ፊውዝ ይህ ህልም ነበር፤ የሚፈነዳበት ሰዓት ይዛነፍ ነበርና። በኤሌክትሮኒክ ማፈንጃ ግን ሰዓቱ እስከ አንድ ሺኛ ሰከንድ ድረስ ይስተካከላል። መጀመሪያ አንድ ጉድጓድ ብቻውን አፈንድቶ ቤቱ ጋ የሚደርሰውን ሞገድ መቅዳት፣ ከዚያ ሰዓቱን በዚያ ልክ ማስላት ነው። ፍጹም አይጠፋፋም፣ እያንዳንዱ ጉድጓድ ትንሽ ስለሚለይ፤ ግን ይቀንሳል። ከተማ ውስጥ ለቤት መሠረት የሚቆፈር አለት ከሆነ ግን ፈንጂም ድንጋይ መስበሪያ ሐመርም ሳያስፈልግ፣ ከተቃጠለ ኖራ የሚሠራ ዱቄት አለ። በውሃ ተበጥብጦ ጉድጓድ ውስጥ ይፈሳል፣ እያበጠ ድንጋዩን በሰዓታት ውስጥ ይሰነጥቀዋል። ድምፅ የለ፣ ንዝረት የለ።

አሁን ብዙ ሰው የሚጠይቀውን ልመልስ። «ጫጫታ የሚያጠፋ ሄድፎን አለ አይደል? ለመሬትስ እንደዚያ አይሠራም?» ሐሳቡ አዲስ አይደለም። ጀርመናዊው ፓውል ሉግ ድምፅን በተቃራኒ ድምፅ ስለማጥፋት የአሜሪካ ፓተንት ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1936 ነው። ለሕንፃም ተሞክሯል፤ ቶኪዮ ያለው ባለ 11 ፎቁ ክዮባሺ ሴይዋ ሕንፃ እ.ኤ.አ. በ1989 ጣሪያው ላይ በኮምፒውተር የሚነዳ ክብደት ተገጥሞለታል፣ ሕንፃው ወደ ግራ ሲል ክብደቱ ይገፋዋል። ለመሬትም በመርህ ደረጃ ይሆናል። ሮለሩ አጠገብ ሴንሰር፣ ቤቱ ፊት ደግሞ መሬቱን በተቃራኒው የሚመታ መሣሪያ ይተከላል። ጊዜም አለ። በሰከንድ 150 ሜትር የሚሄድ ሞገድ 15 ሜትር ለመድረስ አንድ አስረኛ ሰከንድ ይፈጃል፤ በሽቦ የሚሄደው መልእክት ግን ወዲያው ይደርሳል፣ ኮምፒውተሩ አስልቶ ይጠብቀዋል።

ታዲያ ለምን በየሳይቱ አናየውም? ስህተትን ስለማይምር ነው። 25 ሄርዝ ንዝረት አንድ ዙሩ 40 ሺኛ ሰከንድ ነው። የእኛ ተቃራኒ ምት ከ40ው አንድ ስድስተኛ፣ ማለትም 7 ሺኛ ሰከንድ ገደማ ከተዛነፈ ጥቅሙ ዜሮ ይሆናል። ከዚያ በላይ ከተዛነፈ ንዝረቱን እናባብሰዋለን፣ በገዛ ገንዘባችን! 7 ሺኛ ሰከንድ ማለት ሞገዱ 1 ሜትር ያህል የሚሄድበት ጊዜ ነው። አፈሩ ደግሞ በበጋና ውሃ በጠጣበት ክረምት ሞገዱን በአንድ ፍጥነት አያሳልፍም። ጆሮ ውስጥ ያለችው ቦታ ጠባብ ናት፣ መሬት ግን ሰፊ ነው፤ የእናንተን ቤት ያዳነው ምት ከጀርባ ያለውን ጎረቤት ሊመታ ይችላል። ሮለሩም ቦታ እየቀየረ ነው። ስለዚህ ይህ ዘዴ ዛሬ የሚያዋጣው ምንጩ ቋሚ፣ ምቱ የማይቀያየር፣ የሚጠበቀውም ነገር ትንሽና ውድ ሲሆን ነው። በማይክሮስኮፕ ጠረጴዛ ስር በደንብ ይሠራል።

ምንጩ ቋሚ ከሆነ ግን ኮምቦልቻ ላይ ብዙ ሥራ አለ። ፋብሪካዎቹ፣ እ.ኤ.አ. በ2017 የተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክ፣ ኮምፕረሰሮችና ጄኔሬተሮች፣ ሰፈር ውስጥ ያለው ወፍጮ ቤት ሳይቀር። በእኛ 50 ሄርዝ መብራት የሚሠራ የተለመደ ሞተር በደቂቃ 1500 ዙር ገደማ ይዞራል፤ 25 ሄርዝ ነው፣ ከቀን ቀን አይለወጥም። እዚህ ላይ መራቀቅ አያስፈልግም። ማሽኑ ስር 4 ሚሊሜትር ያህል በክብደቱ የሚጫን ስፕሪንግ ወይም ጎማ ከገባ፣ የራሱ ምት 8 ሄርዝ ይሆናል፣ ወደ መሬት የሚወርደው ግፊት ደግሞ ወደ አንድ ስምንተኛ ገደማ ይወርዳል። ወፍጮ ቤቱ ማሽኑን በቀጥታ ኮንክሪቱ ላይ በቦልት ሲያስረው ግን ሙሉውን ለጎረቤት እየላከ ነው።

የመሬት መንቀጥቀጥ ላይ ይህ ሁሉ አይሠራም። በ1953 ዓ.ም. ከኮምቦልቻ በስተደቡብ ካራ ቆሬን የመታውና ማጀቴን ያወደመው ዓይነት ነገር ምንጩ ከመሬት በታች ነው፣ ማንም አያጠፋውም። ለዚያ ቤቱን ማጠንከር ነው ያለው። ኮንትራክተሩ «ሮለር ያልጣለውን መንቀጥቀጥ አይጥለውም» ካላችሁ አትመኑት። ሁለቱ አይገናኙም።

ሕጉስ? በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቁጥር 1225 ላይ ባለንብረት ጎረቤቱን በጭስ፣ በጥላሸት፣ በመጥፎ ሽታ፣ በጩኸት ወይም በንዝረት ከመልካም ጉርብትና መጠን በላይ እንዳያስቸግር ይከለክላል። ንዝረት በግልጽ ተጽፏል። መጠኑ ግን በሚሊሜትር አልተጻፈም፤ ስለዚህ ማስረጃ የሚያመጣ ነው የሚረታው።

ማስረጃው የሚጀምረው ደግሞ ሥራው ከመጀመሩ በፊት ነው። ዋልካ አፈር ክረምት ጠጥቶ ያበጠው በበጋ ሲደርቅ ይኮማተራል፣ ግድግዳም ያለ ምንም ሮለር ይሰነጠቃል። ተዳፋት ላይ ያለ ቤትም ቀስ እያለ ይሄዳል። ስለዚህ ሁለቱም ወገኖች ባሉበት እያንዳንዱን ስንጥቅ ፎቶ አንሱ፣ ጫፉ ላይ በእርሳስ መስመርና ቀን ጻፉ። ስንጥቁ ላይ ጄሶ ለጥፉበት፤ ጄሶው ከተሰበረ ስንጥቁ እየሄደ ነው። መለኪያው ከመጣ ደግሞ የት እንደሚቀመጥ ተከታተሉ። ቦታው ለሥራው ቅርብ በሆነው ቤት መሠረት ላይ፣ በሥራው በኩል፣ ድንጋዩ ወይም ኮንክሪቱ ላይ ተጣብቆ ነው። ልል አፈር ላይ ጣል ከተደረገ ወይም ምንጣፍ ላይ ከተቀመጠ የሚያወጣው ቁጥር ለማንም አይጠቅምም። ስልካችሁ ላይ ያለው አፕሊኬሽን ምቱ ስንት ሄርዝ እንደሆነ ሊያሳያችሁ ይችላል፣ ለሙግት ግን አይሆንም። ንባቡ በየቀኑ ለኮንትራክተሩም ለቤቱ ባለቤትም እኩል ይድረስ፤ ይህ ውሉ ውስጥ ሮለሩ ሳይመጣ በፊት ይግባ።